ሮቦቱ ግራ ሲገባው ምን ያደርጋል?

ሚያዝያ 2025 ላይ ቤጂንግ ውስጥ ሰው መሳይ ሮቦቶች ግማሽ ማራቶን ሮጡ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሃያ አንድ ሆነው ተሰለፉ። አንዱ ገና መነሻው ላይ ተዘረረ፤ ደቂቃዎች ቆይቶ ተነሳና ሩጫውን ቀጠለ። ሌላው ትንሽ እንደሄደ ከመንገዱ አጥር ጋር ተላተመ። ቲያንጎንግ የተባለው አሸናፊ 21 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ጨረሰ። መንገድ ላይ ባትሪው ሦስት ጊዜ ተቀይሮለታል።

ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ዓይኔ የቀረው ግን ከሮቦቶቹ ጎን በሚሮጡት ሰዎች ላይ ነው። አንዱ መቆጣጠሪያ ይዟል። ሌላው ሮቦቱ ቢንገዳገድ ለመደገፍ ተዘጋጅቶ ከኋላ ከኋላ ይላል። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ስንቱ ሮቦት መጨረሻው ጋ ይደርስ ነበር?

ይህን የምጠይቀው ለማጣጣል አይደለም። ዘርፉን በጉጉት ነው የምከታተለው። ባለፉት አስር ዓመታት የመጣው ለውጥም የምር ነው። ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ሮቦት ምን እንደሚችል በየቀኑ ያሳዩናል። ያልገባው ነገር ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ የሚያሳየን ግን ጥቂት ነው። ለእኔ ደግሞ ዋናው ፈተና እሱ ነው። አንድ ሮቦት በራሱ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

በራሱ የሚሠራ ስንል ምን ማለታችን ነው? በ1961 ዩኒሜት የተባለ የብረት ክንድ ጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ገባ። ሥራው ከማሽን የወጣ ትኩስ ብረት ማንሳት ነበር። ጎበዝ ሠራተኛ ነበር፤ ግን አያይም። ብረቱ ከቦታው አንድ ስንዝር ፈቀቅ ቢል ባዶ አየር ጨብጦ ይመለሳል። ዛሬም ፋብሪካ ውስጥ ያሉ ብዙ ሮቦቶች ከዚህ ብዙም አይርቁም። በራሱ የሚመራ ሮቦት ከዚህ ይለያል። ዙሪያውን ያያል። ያየውን ይተረጉማል። ቀጥሎ የሚያደርገውን ራሱ ይወስናል። በሦስቱም ላይ ሊሳሳት ይችላል።

አንዲት ጓደኛዬ ወለል የሚጠርግ ሮቦት ገዝታ ነበር። አንድ ቀን ቤቷ ቁጭ ብዬ ሥራውን አየሁት። ክብ ነው፤ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ሳሎኑን በደንብ ጠረገ። ከሶፋው ፊት የተነጠፈው ጥቁር ምንጣፍ ጋ ሲደርስ ግን ቀጥ አለ። ወደኋላ ሸሸ። ዞሮ በሌላ በኩል መጣ። አሁንም ጠርዙ ላይ ቆመ። እንዲህ እያለ ምንጣፉን ሦስት ጊዜ ዞረው። አንዴም አልረገጠውም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከሆዱ ሥር ወደ ወለሉ የማይታይ ብርሃን የሚልክ ሴንሰር አለው። ብርሃኑ ከተመለሰ መሬት አለ ማለት ነው። ካልተመለሰ ገደል ነው፤ ደረጃ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ምንጣፍ ደግሞ ብርሃን ይውጣል። ስለዚህ ለዚያ ሮቦት የሳሎኑ መሃል ገደል ነበር። ጓደኛዬ መጨረሻ ላይ ምንጣፉን ጠቅልላ አነሳችው።

እዚህ ትንሽ ነገር ውስጥ ሁለት ቁም ነገር አየሁ። አንደኛው፣ ሮቦቱ ተሳስቷል፤ ግን የተሳሳተው ወደ ደህናው ጎን ነው። እርግጠኛ ሳይሆን ሲቀር ቆመ። የሠሩት ሰዎች አስበውበታል። ሁለተኛው፣ ችግሩን የፈታው ሮቦቱ ሳይሆን የቤቱ ባለቤት ናት። ቤቷን ለሮቦቱ አመቻቸችለት። ሮቦት ተሳካለት ከሚባልበት ቦታ ብዙው ላይ እንዲህ ያለ የተነሳ ምንጣፍ አለ።

ወደ ትልልቆቹ ልለፍ። በ2004 ዳርፓ የተባለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ሞሃቪ በረሃ ላይ ያለ ሹፌር የሚሄዱ መኪኖችን አወዳደረ። መንገዱ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ሁሉንም ያስከነዳችው መኪና 12 ኪሎ ሜትር ሳትሞላ ተቀረቀረች። የጨረሰ የለም። በዓመቱ ውድድሩ ሲደገም አምስት መኪኖች ጨረሱ። አንደኛ የወጣችው በሰባስቲያን ትሩን የሚመራው የስታንፎርድ ቡድን መኪና ስታንሊ ናት።

በዓመት ከመንፈቅ ገደማ ውስጥ ይህን ያህል ለውጥ እንዴት መጣ? ስታንሊ ላይ የተደረገው ነገር ደስ ይለኛል። ጣሪያዋ ላይ ያሉት ሌዘሮች ቅርብ ያለውን መሬት ይለካሉ፤ ሜዳ ነው ወይስ ጎድጓዳ የሚለውን በትክክል ያውቃሉ። ሩቅ ግን አያዩም። ካሜራው ሩቅ ያያል፤ ያየው ነገር ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ስለዚህ ሌዘሩ ካሜራውን እየሄደ ያስተምረዋል። ‘ይህን የሚመስል መሬት ደህና ነው’ ይለዋል። ካሜራውም በዚያ መሠረት ሩቁን ይገምታል። መሬቱ ሲቀየር ትምህርቱም ይቀየራል።

ከዚያ ወዲህ በጣም ያስገረመኝ እመርታ እግር ላይ የመጣው ነው። ዙሪክ የሚገኘው ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ አኒማል የሚባል ባለ አራት እግር ሮቦት አለው። መራመድ የተማረው መሬት ላይ አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ በተፈጠረ አምሳያ ዓለም ውስጥ ነው። እዚያ በሺዎች የሚቆጠሩ አምሳያዎቹ በአንድ ጊዜ ይራመዳሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ። መሬቱ ሆን ተብሎ ይቀያየርባቸዋል። አንዴ ያንሸራትታል፣ አንዴ ዳገት ይሆናል፣ አንዴ ከጎን ይገፈትራቸዋል። እውነተኛ ሮቦት ይህን ያህል ቢወድቅ ተሰባብሮ ያልቃል። አምሳያው ምንም አይሆንም። የተማረው ነገር በኋላ ወደ እውነተኛው አካል ይጫናል።

ተመራማሪዎቹ በ2022 ባወጡት ሥራ አኒማል ስዊዘርላንድ ውስጥ ኤትስል የተባለ ተራራ ላይ ወጣ። 120 ሜትር ከፍታውን በ31 ደቂቃ ወጣው። መንገዱ ላይ ለእግረኛ ከተጻፈው ግምት በ4 ደቂቃ ይፈጥናል። አልወደቀም።

ፍጥነቱ ግን ለእኔ ዋናው አይደለም። እነዚህ ሰዎች የፈቱት ችግር ዓይንን መቼ ማመን እንዳለበት ሮቦቱን ማስተማር ነው። ካሜራና ሌዘር ይዋሻሉ። ረጅም ሣር እንደ ግድግዳ ይታያቸዋል። ለስላሳ በረዶ ጠንካራ መሬት ይመስላቸዋል። ጭጋግ ሲመጣ ጭራሽ አያዩም። አኒማል እግሩ የሚነግረውና ዓይኑ የሚነግረው ሲጣሉ ዓይኑን ችላ ብሎ በእግሩ እየዳሰሰ ይሄዳል። እኛስ ጨለማ ውስጥ ደረጃ ስንወርድ የምናደርገው ይህንኑ አይደል? የምሟገትለት ነገር ይህ ነው። ማሽኑ የራሱን ዓይን የሚጠራጠርበት ዘዴ ተሰጥቶታል።

በ2021 ይኸው ሮቦት ያለበት ቡድን ዳርፓ በዋሻና በምድር ሥር ያዘጋጀውን ውድድር አሸነፈ። ጂፒኤስ የለም፣ የሬዲዮ ግንኙነት ይቆራረጣል፣ ጨለማ ነው። የፈረሰ ሕንጻ ወይም የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ ሰው ለመፈለግ ከዚህ የተሻለ ዝግጅት አላውቅም።

የድሮን ውድድርም አለ። በ2023 የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስዊፍት የተባለ በራሱ የሚበር ድሮናቸውን ሰዎች ከሆኑ ሦስት የድሮን ውድድር ሻምፒዮኖች ጋር አወዳደሩ። ከ25 ውድድር 15ቱን አሸነፈ። ትልቅ ነገር ነው። የወደድኩት ግን ተመራማሪዎቹ እዚያው ጽሑፋቸው ላይ ድክመቱን መጻፋቸው ነው። የቦታው ብርሃን ቢቀየር ይቸገራል። ሰው አብራሪ ተጋጭቶ ድሮኑ ካልተሰበረ መብረሩን ይቀጥላል፤ ስዊፍት ይህን አልተማረም።

እግርና ክንፍ እንዲህ ከሆኑ፣ እጅስ? እጅ ላይ ገና ነን።

ኪስዎ ውስጥ ቁልፍ፣ ሳንቲምና የተጨማደደ ወረቀት አለ እንበል። እጅዎን ይክተቱና ሳያዩ ቁልፉን ያውጡ። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። በዚያች ሁለት ሰከንድ ውስጥ ጣት ወረቀቱን ገፋ አድርጓል፣ ሳንቲሙን ቅዝቃዜው ከቁልፉ ስለማይለይ በቅርጹ ለይቶታል፣ የቁልፉን ጥርስ ዳስሷል፣ ሲያንሸራትት ጠበቅ አድርጎ ይዟል። ይህን ሁሉ ሳናስብ ነው የምናደርገው። ሃንስ ሞራቬክ የተባለው የሮቦት ተመራማሪ በ1980ዎቹ ያስተዋለው ይህን ነው። ለኮምፒውተር ቼዝ መጫወት ይቀለዋል፤ የአንድ ዓመት ሕፃን የሚያደርገውን ማየትና መንቀሳቀስ ግን ይከብደዋል። ከአርባ ዓመት በኋላም አባባሉ ከሞላ ጎደል አልተሻረም።

አሁን የተያዘው መንገድ ሮቦትን ሠርቶ በማሳየት ማስተማር ነው። ሰው የሮቦቱን ክንዶች ከሩቅ እየመራ ፎጣ ያጥፋል፣ ኩባያ ያነሳል። እንቅስቃሴው ይቀዳል። ሮቦቱ ከቅጂው ይማራል። በ2023 ጎግል ዲፕማይንድና ብዙ የምርምር ተቋማት ከ22 ዓይነት ሮቦቶች የተሰበሰበ፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሥራ ቅጂ አንድ ላይ አድርገው ለሁሉም ክፍት አደረጉት። ሐሳቡ ቋንቋ የሚያወራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከብዙ ጽሑፍ እንደተማረ፣ ሮቦትም ከብዙ ሥራ ይማር የሚል ነው። ተስፋ አለው። ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን ዕቃ ‘አንሳ’ ሲባል የሚያነሳ ሮቦት መታየት የጀመረው በዚህ ዘዴ ነው።

ግን ቪዲዮዎቹን ልብ ብላችሁ እዩ። ጥግ ላይ በትንሹ ‘አራት እጥፍ ተፋጥኗል’ የሚል ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። አንዳንዱ ላይ ሮቦቱን ከጀርባ የሚመራው ሰው ነው። በ2024 መጀመሪያ የስታንፎርድ ተማሪዎች ሞባይል አሎሃ የተባለ ሮቦታቸው ምግብ ሲሠራ አሳዩ፤ ዓለም ጉድ አለ። የታየው ብዙው ሥራ ግን በሰው እጅ የሚመራ ነበር። ተማሪዎቹ ይህን አልደበቁም። እንዲያውም ሮቦቱ ሲሳሳትና ዕቃ ሲደፋ የሚያሳይ ቪዲዮ ለብቻው አወጡ። ቪዲዮውን ያጋሩት ሰዎች ናቸው ያንን የቆረጡት።

በ2025 መጨረሻ ዋን ኤክስ የተባለ ኩባንያ ኒዮ የሚባል የቤት ሮቦት በ20,000 ዶላር ለሽያጭ አስተዋወቀ። ያላወቀው ሥራ ሲገጥመው የኩባንያው ሠራተኛ ከሩቅ ሆኖ በሮቦቱ ካሜራ እያየ ይሠራል። ኩባንያው ይህን በግልጽ ተናግሯል፤ ይህን አደንቃለሁ። ግን ቤቴ ውስጥ የሚዞረው ሮቦት ግራ በገባው ቁጥር የማላውቀው ሰው ሳሎኔን የሚያይ ከሆነ፣ በቀን ስንት ጊዜ ግራ እንደሚገባው የማወቅ መብት ያለኝ ይመስለኛል። አንዴ ነው ወይስ መቶ ጊዜ? በዚህ ቁጥር ውስጥ ብዙ ነገር አለ። ሮቦቱ ምን ያህል እንደተማረ አለ። የቤቴ ምስጢር አለ። ከስክሪን ኋላ የተቀመጠው ሠራተኛ ድካምም አለ። ሮቦት ሥራ ይነጥቃል ወይ የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ ልተወውና፣ አሁን ባለው ሁኔታ ብዙ ‘በራሱ የሚሠራ’ ነገር ጀርባ የማይታይ ሰው አለ።

ግራ መጋባት ሰው የሚገድልበት ጊዜም አለ። በ2018 አሪዞና፣ ቴምፒ ከተማ ውስጥ የታክሲ አገልግሎት ኩባንያው ኡበር ሲሞክረው የነበረ ሹፌር አልባ መኪና ሌሊት መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። ሴትዮዋ ብስክሌት እየገፋች ነበር። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምርመራ ያወጣው ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አይጠፋም። መኪናው ሴትዮዋን ያያት ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ ቀደም ብሎ ነው። በቂ ጊዜ ነበረው። ግን ምን እንዳየ መወሰን አልቻለም። አንዴ ተሽከርካሪ ነው አለ። አንዴ ሌላ ነገር ነው አለ። አንዴ ብስክሌት ነው አለ። ሐሳቡን በቀየረ ቁጥር ደግሞ ቀድሞ የነበረችበትን ቦታ ይረሳል፤ ስለዚህ ወዴት እየሄደች እንደሆነ መተንበይ አልቻለም። እግረኛ ከማቋረጫ ውጪ ሊሻገር ይችላል የሚል ሐሳብ ሶፍትዌሩ ውስጥ አልነበረም። መኪናው ውስጥ ተቀምጣ መቆጣጠር የነበረባት ሠራተኛም ዓይኗ መንገዱ ላይ አልነበረም።

ያ የጓደኛዬ መጥረጊያ ሮቦት ምን እንደሆነ ያላወቀው ነገር ፊት ቆመ። ይህ መኪና ምን እንደሆነ ባላወቀው ነገር ላይ ነዳ።

በ2023 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ደግሞ የክሩዝ ኩባንያ ሹፌር አልባ ታክሲ ፊት አንዲት እግረኛ ወደቀች። የገጫት ሰው የሚነዳው ሌላ መኪና ነው፤ ወርውሯት ታክሲው ፊት ጣላት። ታክሲው መታትና ቆመ። እስከዚህ ድረስ ሰው ሹፌርም ላያመልጥ ይችል ነበር። ከዚያ ግን ከጎን የተገጨ መሰለውና ‘ጥግ ልያዝ’ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ሴትዮዋ ከሥሩ ናት። 6 ሜትር ያህል ጎተታት። በሕይወት ተርፋለች። ኩባንያው ግን ስለ መጎተቷ ለመንግሥት ያቀረበው ሪፖርት የተሟላ አልነበረም። በኋላ ሐሰተኛ ሪፖርት ማቅረቡን አምኖ 500,000 ዶላር ተቀጣ። ባለቤቱ ጄኔራል ሞተርስም በ2024 መጨረሻ የታክሲውን ሥራ ገንዘብ ነፈገው።

ለእኔ ከአደጋው የማይተናነሰው መደበቁ ነው። የአንዱ መኪና ስህተት የሌሎቹ ሁሉ ትምህርት መሆን ይችል ነበር።

አሁን በደንብ የሚሠራውን እንይ። ሩዋንዳ ውስጥ ከ2016 ጀምሮ ዚፕላይን የተባለው ኩባንያ ድሮኖች ደም ወደ ጤና ተቋማት ያመላልሳሉ። ዳገቱን በመኪና መዞር ቀርቶ ደሙ በፓራሹት ይወርዳል። በጥናት እንደተረጋገጠው ቀኑ አልፎበት የሚጣለው ደም 67 በመቶ ቀንሷል። ሠሪዎቹ ስለ መጥፎው ቀንም አስበዋል። ድሮኑ ራሱ ችግር ሲገጥመው የራሱን ፓራሹት ዘርግቶ ይወርዳል። በሕክምናውም በኩል ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ2022 ስታር የተባለ ሮቦት የአሳማ አንጀት በራሱ ሲሰፋ አሳይቷል። አራት አሳማዎች ላይ ተሞክሯል። ሮቦቱ የስፌቱን ዕቅድ ያወጣል፤ ሰው ያጸድቃል። አንጀቱ ከታሰበው በላይ ከተንቀሳቀሰ ‘ዕቅዱ እንደገና ይውጣ’ ይላል። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ለታካሚ ከሮቦቱ ፍጥነት ሁሉ ትበልጣለች።

መጋዘኖቹም አሉ። አማዞን በ2025 የሮቦቶቹ ቁጥር 1 ሚሊዮን ደረሰ ብሏል። እዚህ ላይ የጓደኛዬ ምንጣፍ ትዝ ይለኛል። ኪቫ ከተባለው ኩባንያ ጋር በ2012 የገዛቸው የመጀመሪያዎቹ ሮቦቶች ወለሉ ላይ በተለጠፉ ምልክቶች እየተመሩ ነው የሚሄዱት፤ የሚሄዱበት ቦታም ለሰው የታጠረ ነው። ቦታው ለነሱ ተስተካክሏል። ነውር የለውም፤ ጥሩ ምህንድስና ነው። ብቻ መጋዘን ውስጥ የተሳካለት ሮቦት ነገ መንገድ ላይ ወይም ቤት ውስጥ ይሳካለታል ብሎ የሚነግረንን ሰው ምንጣፉ የት ሄደ ብለን እንጠይቀው።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የካሊፎርኒያ ግዛት መንገድ ላይ የሚሞከሩ ሹፌር አልባ መኪኖች ስንት ጊዜ ሰው መሪውን እንደተረከበ በየዓመቱ እንዲያሳውቁ ሲያስገድድ ቆይቷል። ጉድለት አለው፤ እያንዳንዱ ኩባንያ የሚቆጥረው በራሱ መንገድ ነው። ቢሆንም ጅምሩ ትክክል ነው። ለቤት ሮቦት፣ ለሆስፒታል ሮቦት፣ እግረኛ መንገድ ላይ ዕቃ ለሚያደርስ ሮቦት ተመሳሳይ ነገር ይምጣ። ስንት ጊዜ ቆመ፣ ስንት ጊዜ ሰው ገባበት፣ ምን ሲያይ ተደናገረ። ቆጠራው በአንድ ደንብ ይሁን። ቪዲዮ የሚለቅ ደግሞ ሳይቆርጥ አንድ ሙሉ ሰዓት ይልቀቅ።

ይህ እንደሚቻል ያሳየችኝ ኢንጀኒዩቲ ናት። 1.8 ኪሎ የምትመዝነው የናሳ ሄሊኮፕተር በ2021 ማርስ ላይ በረረች። ከመሬት የሚላክ ምልክት ማርስ ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለዚህ በሪሞት የሚመራት የለም፤ አየር ላይ ሳለች ብቻዋን ናት። የታሰበላት አምስት በረራ ነበር። 72 በረረች። ወደታች የሚያይ ካሜራዋ መሬቱ ላይ ያሉ ድንጋዮችን እየተከተለ የት እንዳለች ይነግራታል። ጥር 2024 ላይ ድንጋይ የሌለበት፣ ልሙጥ የአሸዋ ክምር በላይ ደረሰች። ካሜራው የሚይዘው ነገር አጣ። ፍጥነቷን በትክክል ማወቅ አልቻለችም። ወደ ጎን እየተንሸራተተች ተዳፋት ላይ አረፈችና ክንፎቿ ተሰበሩ።

መሐንዲሶቿ ሄደው ሊያዩዋት አይችሉም። በተላኩት ፎቶዎችና በነበራቸው መረጃ ብቻ ወራት ፈጅተው የሆነውን አጣሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ የትኛው ሥርዓት የት ላይ እንዳታለላት ለሁሉም አስረዱ። ያ ካሜራ አሸዋው ላይ ምን ማየት እንዳቃተው ዛሬ ማንም ማንበብ ይችላል።